ሰባት ኪሎ ሻንጣና የጎረቤት አደራ

አዳማ ውስጥ ቲኬት የምንሸጥበት ቢሮ ባለፈው ወር ጁስ ቤት ሆነ። እኔ ስቀመጥበት የነበረው ጥግ ላይ አቮካዶ ተከምሯል፤ የቢሮው ባለቤት የጋሽ ደረጀ ጠረጴዛ በነበረበት ቦታ መፍጫው ይጮሃል። ገብቼ አንድ ስፕሪስ አዘዝኩ። አስተናጋጇ "የፈለግሽበት ተቀመጪ" ብትለኝም የፈለግኩበት ቦታ በአቮካዶ ተይዟልና ቆሜ ጠጣሁት።

ሰው አሁን ቲኬቱን በስልኩ ይቆርጣል፤ አልፈርድበትም። ጋሽ ደረጀም እርጅናው ስለተጫናቸው ቢሮውን ዘግተው ቤታቸው ተቀመጡ። እኔ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ተማሪ ውጤቱን እንጂ ሻንጣው ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድለት አይጠይቀኝም። የድሮ ደንበኞቻችን ግን ዛሬም መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። "ሰናይት፣ ርካሹ አውሮፕላን ይሻላል ወይስ ውዱ?" ይሉኛል። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ብዙ ማውራት አይሆንልኝም፤ ሰው ካየኝ የማውቀውም ይጠፋብኛል። ስለዚህ መልሴን ቁጭ ብዬ መጻፍ መረጥኩ።

ቱሪዝም ማኔጅመንት ተምሬ ስመረቅ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሻሸመኔ ውስጥ አንድ ቲኬት ቢሮ ነበር። አለቃዬ ወጣት፣ ፈጣን፣ ስልኩ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው። የሰጠኝ ሥልጠና በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "ዋጋውን ንገሪና ዝም በይ።" ዝም ማለት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የተካንኩበት ሥራ ነው። ይህን ለመሰለ ችሎታ ደመወዝ የሚከፍል ሰው በማግኘቴ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አቶ ከማል የሚባሉ የጃኬት ነጋዴ መጡ። ለበዓል ገበያ ዕቃ ሊያመጡ ዱባይ ይሄዳሉ። የርካሹን አውሮፕላን ዋጋ ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ከዚያ "አላህ ይስጥሽ" ብለው ቆረጡ። በእጅ ከሚያዝ ሰባት ኪሎ በቀር ሻንጣ እንደማይፈቀድ አልጠየቁኝም። እኔም እንደታዘዝኩት ዝም አልኩ።

ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቤታቸው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቢሯችን መጡ። ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ እሳቸው በሩን ሞልተው ገቡ። መጀመሪያ የወፈሩ መስሎኝ ነበር።

"ደህና ነሽ?" አሉና የለበሱትን ጃኬት አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከሥሩ ሌላ ጃኬት ነበር። እሱንም አወለቁ። ከሥሩ ሌላ ነበር። አለቃዬ ስልኩን ከጆሮው አወረደ፤ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሸሚዛቸው ከሰውነታቸው ጋር ተጣብቆ ሲቀር፣ እኔ ከጃኬት ክምር ኋላ አልታይም ነበር።

"የበዓል ንግዴ ይኸውልሽ" አሉኝ። "የቀረው ዱባይ የአክስቴ ልጅ አልጋ ሥር ነው። ምነው ሳትነግሪኝ?"

ቢጮሁብኝ በወደድኩ። አልጮሁም። በዚያ በዓል ሱቃቸው ተዘግቶ ዋለ፤ ሳልፍ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቢሮ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ አዳማ ተመለስኩ።

ጋሽ ደረጀን ያገኘሁት ያኔ ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ትልቅ አየር መንገድ ውስጥ ቲኬት ይቆርጡ ነበር። ከዚያ የቀራቸው ነገር ከረባት ነው፤ በአዳማ ሙቀት ከረባታቸውን አጥብቀው አሥረው፣ በጋዜጣ እያራገቡ ይቀመጣሉ። ደመወዜ ከሻሸመኔው ያንስ ነበር፤ ምሳ ግን እሳቸው ይጋብዙ ነበርና አልተጎዳሁም።

በመጀመሪያው ቀን ሥራ ሲያስተምሩኝ እንዲህ አሉኝ፤ "መጀመሪያ ክፉውን ንገሪ። ደጉን ዋጋው ራሱ ይናገራል።"

ክፉውን የሚናገሩበት ዘዴ ነበራቸው። በቢሮው ጀርባ ሁለት ወንበሮች ፊትና ኋላ አድርገው፣ በርካሹ አውሮፕላን ውስጥ ያለውን ርቀት ለክተው፣ በሚስማር ወለሉ ላይ መትተዋቸዋል። ደንበኛው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ከኋለኛው ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት። ጉልበቱ የፊተኛውን ከነካ ጋሽ ደረጀ በትሕትና "እንግዲህ እስከ ዱባይ እንደዚህ ነው" ይላሉ። በጎኑ የሚቀመጥ ተሳፋሪ ስለሌለ ደግሞ ጥበቱ እንዲሰማው እኔ ቦርሳዬን ይዤ አጠገቡ እንድቆም ይደረጋል። ለእኔ ለዓይን አፋሯ ከሥራው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር።

አንድ ጊዜ የወለንጪቲ ሽንኩርት ነጋዴ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ዙሪያውን አየ።

"እኔ አይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ አናት ተቀምጬ አዲስ አበባ የገባሁ ሰው ነኝ" አለ። "ይሄ ለእኔ አልጋ ነው። ምግብ ይሰጣሉ?"

"ይሸጣሉ" አልኩ።

"ውኃስ?"

"እሱም ይሸጣል።"

"መስኮት ዳር ልቀመጥ ብልስ?"

"መስኮቱም ይሸጣል።"

ሰውዬው ወደ ጋሽ ደረጀ ዞረ። "አየሩስ?"

"አየሩ እስከ ዛሬ በነጻ ነው" አሉ ጋሽ ደረጀ ከረባታቸውን እያስተካከሉ። "ቶሎ ብትሄድ ይሻልሃል።"

ክፉውን ሁሉ ከሰማ በኋላ ቆረጠ። አብዛኛው ሰው ይቆርጣል። እኔ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይህን ያህል ካማነው በኋላ ለምን እንሸጠዋለን?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ርካሽ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ያለ ሚኒባስ ነው" አሉኝ። "ሚኒባስን የማይሳደብ ሰው አለ? ሚኒባስ ባይኖር ግን ስንቱ እናቱን ሳይጠይቅ ይቀር ነበር!"

የእትዬ ጫልቱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እትዬ ጫልቱ ከአዳማ ብዙ የማትርቀው የደራ ከተማ ሰው ናቸው። በሕይወታቸው ከአዳማ አልፈው አያውቁም። ልጃቸው ሌሊሴ ዱባይ ውስጥ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ባሏ ሌላ ከተማ የሚሠራ ሹፌር ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። የእናቷን ቪዛ የላከችው፣ ቢሯችንም ደውላ ያገኘችን እሷ ናት።

"እህቴ" አለችኝ በስልክ፤ ድምጿ በጣም ቀጭን ነበር። "እባክሽ እናቴን አድርሽልኝ። እዚህ ቤት በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። ብወልድ እንኳ እልል የሚልልኝ የለኝም።"

የቤተሰቡ አቅም የሚችለው ርካሹን አውሮፕላን ብቻ ነው። እንደ ደንቡ ክፉውን ሁሉ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ሰባት ኪሎ ብቻ፣ እሱም በእጅ። ቲኬቱ አይቀየርም፣ አይመለስም፤ ያን ቀን ያልተሳፈረ ሰው ገንዘቡም ጉዞውም ቀረ። ኪሎ ቀድሞ መጨመር እንደሚቻል ስነግራቸው ታናሽ ወንድማቸው ቱፋ "ለዱቄት ቲኬት ይቆረጣል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እትዬ ጫልቱን ያሳዘናቸው ቅቤው ነበር።

"ቅቤ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ እትዬ። ይወስዱብዎታል።"

"አራስ ቤት ያለ ቅቤ?"

"ሕጉ ነው።"

ትንሽ አሰቡና "ጭንቅላቴ ላይ ያለውንስ?" አሉ።

ጋሽ ደረጀ ጋዜጣቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመናቸው ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። "ስለ ጭንቅላት የተጻፈ ነገር የለም" አሉ በመጨረሻ።

በጉዞው ዋዜማ እትዬ ጫልቱ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ደረጀ ማንም ሰው ሻንጣውን በእጅ ሚዛን ሰቅሎ ሳያሳያቸው እንዲሄድ አይፈቅዱም። በሶ፣ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ ለሌሊሴ አንድ ነጠላ፤ ሰባት ኪሎ ሞላና ቆመ። ሻንጣውን ዘጋን። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ ሽማግሌዎችን እስከ ቦሌ መሸኘትም የቢሯችን ልማድ ነው፤ ጋሽ ደረጀ የእጅ ሚዛኑን በቦርሳዬ ከተው በማግስቱ ጠዋት በቱፋ ሚኒባስ አሳፈሩኝ።

እትዬ ጫልቱ ፀጉራቸው እስኪንጠባጠብ ቅቤ ተቀብተው፣ በሻሽ አሥረው ከፊት ተቀምጠዋል። መንገዱን ሁሉ መረቁኝ። ቦሌ ደርሰን የመኪና ማቆሚያው ላይ ስንወርድ፣ ቱፋ ሻንጣውን በሁለት እጁ አቅፎ ሲያወርድ አየሁት። በዋዜማው በአንድ እጁ ነበር ያንጠለጠለው።

"ቱፋ፣ ምን ተጨመረበት?"

"እኔ ምንም አልጨመርኩ" አለ፣ እህቱን እያየ።

"ምንም አይደለም፣ ኢንተለ ኮ" አሉ እትዬ ጫልቱ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ትንሽ የሰው አደራ ብቻ ናት።"

ሚዛኑን አውጥቼ ሰቀልኩት። መርፌው ሰባትን አልፎ፣ እጥፉንም አልፎ ሄደ። ሻንጣውን ከፈትን። የደራ ሰው ልጁ ዱባይ ያለ ሁሉ ሌሊቱን አደራውን አምጥቶ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ለልጃቸው በርበሬ ልከዋል። እትዬ ዘሃራ ከዚያ የሚበልጥ በርበሬ ልከዋል። ሽሮ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ምስር አለ። ሁሉም በፌስታል ታሥሮ ስም ተጽፎበታል።

እኔ የሠራሁት ስህተት የት እንዳለ ፈለግኩ። ክፉውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ሰባት ኪሎ ብለው ደግመውልኛል። ክፉውን ያልሰሙት ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ጋሽ ደረጀ ደግሞ ጎረቤትን ወንበር ላይ የሚያስቀምጡበት ዘዴ አልነበራቸውም።

"እትዬ፣ ይህ አይገባም። በር ላይ ይመልሱዎታል። የትርፍ ኪሎ ክፍያው ደግሞ ከቲኬቱ ይበልጣል።"

"እሺ፣ አወጣለሁ" አሉና ጎንበስ ብለው ማውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ያወጡት የገንፎ ዱቄቱን ነው። ቀጥሎ በሶውን። ቀጥሎ አብሹን።

"እትዬ! ይሄማ የሌሊሴ ነው!"

"አዎ፣ የልጄ ነው። የልጄን እዚያው እገዛላታለሁ። የሰው አደራ ግን ከየት ይገዛል? መንገድ ላይ ጥዬው ሄድኩ ልበላቸው?"

ነጠላውንም አወጡ። መርፌው አሁንም ከሰባት በላይ ነበር። አውሮፕላኑ ያለ እሳቸው ሊሄድ፣ ሌሊሴም ብቻዋን ልትወልድ ነው፤ በመሃል የቆመው የሁለት ሴቶች በርበሬ ነው።

ለጋሽ ደረጀ ደወልኩ። "ሚዛንን ለመለመን አትሞክሪ" አሉኝ። "አደራን ማንሳት የሚችለው የሰጠው ሰው ብቻ ነው። ደውይና አስፈቅጂ።" ለማላውቃቸው ሰዎች ደውዬ መነጋገር እንደሚያስፈራኝ ያውቃሉ። ጨክነው ስልኩን ዘጉት።

ጎረቤቶቹ ቤት ሊጠብቁ ሁሉም እትዬ ጫልቱ ግቢ ተሰብስበው ነበር። ስልኩን ያነሱት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ጤና ይስጥልኝ… እኔ የቲኬቷ ልጅ ነኝ። ሻንጣው ከበደና… አደራዎን ቢያነሱልን ብዬ…"

"ገባች እንዴ? ደረሰች? እልልል!"

"አልገቡም። ሻንጣው ከብዷል።"

"የእኔ እኮ ትንሽ ናት፣ ልጄ። የሚከብደው የዘሃራ ይሆናል።"

ከጀርባ ሌላ ድምፅ ተሰማ። "የማን? የእኔን በርበሬ ነው የምትዪው? ያንቺ ድንጋዩ አልተለቀመም፣ ለዚያ ነው የሚከብደው!"

"የዘሃራ ይውጣና የእኔም ይወጣል" አሉ ወይዘሮ አስካለ።

"መጀመሪያ የአስካለ ይውጣ!"

"እኔ የላክሁት ቆሎ ነው፣ ቆሎ ደግሞ አየር ነው!" አለ ሦስተኛ ድምፅ። ከዚያ ሁሉም በአንድነት መናገር ጀመሩ። ቱፋ መኪናው ላይ ተደግፎ "ሥራሽን ቀጥዪ" በሚል ዓይን ያየኛል። እትዬ ጫልቱ መሬት ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ዱቄት አቅፈዋል፤ ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ያን ሳይ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

"ስሙኝ!" ብዬ ጮህኩ።

የመኪና ማቆሚያው ሁሉ ዞረ። እኔም ደነገጥኩ፤ ግን ከጮህኩ ወዲያ መመለስ አልቻልኩም።

"የማንም አደራ አይቀርም! የማንም ደግሞ ሙሉውን አይሄድም! ከእያንዳንዱ ፌስታል አንድ አንድ እፍኝ ይሄዳል፣ የቀረው ለየባለቤቱ ይመለሳል። ሌሊሴ ምጧ ደርሷል፣ ሰዓት የለም። እሺ በሉኝ!"

ከዚያ የእትዬ ዘሃራ ድምፅ መጣ።

"እኩል ከሆነ እሺ። በማን እፍኝ ነው?"

እውነትም ይህን አላሰብኩበትም።

"በቱፋ እጅ!" አሉ ወይዘሮ አስካለ። የቱፋ መዳፍ የመኪና መሪ የሚያክል ነው።

"በእኔ እጅ ነው" አልኩ።

"እጅሽ ቀጭን ነው?"

"ቀጭን ነው።"

"ምን ይደረግ" አሉ እትዬ ዘሃራ ተንፍሰው፤ "ጠግቦ የሚበላ ሰው ቢልኩልን ምናለበት!"

ሥራ ጀመርን። ቱፋ ፌስታል ይፈታል፣ እኔ እዘግናለሁ፣ እትዬ ጫልቱ ስሙን ጮክ ብለው እየጠሩ በየትንሽዬው ፌስታል ያሥራሉ፤ ስልኩ እንደተከፈተ ነውና ከደራ "አየን፣ እሺ!" ይላሉ፣ ምንም ሳያዩ። በርበሬው ነፋስ ያዘውና ከጎናችን የቆሙ ሸኚዎች በየተራ ማስነጠስ ጀመሩ። አንድ ጥበቃ እያስነጠሰ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ? ገበያ ነው?"

"አደራ ነው" አሉት እትዬ ጫልቱ።

ጥበቃው ሻንጣውን አየ፣ ፌስታሎቹ ላይ የተጻፉትን ስሞች አየ፣ የእሳቸውን ፀጉር አየ። "ቶሎ በሉ እንጂ እናቴ፣ ሰዓቱ ሊያልፍባችሁ ነው" ብሎ እሱም ፌስታል ያዘልን።

እትዬ ጫልቱ ሕጉ ለልጃቸውም እኩል ነው ብለው ድርቅ አሉ። ከገንፎው ዱቄት አንድ እፍኝ፣ ከበሶው አንድ እፍኝ። የሌሊሴ ዱቄት ላይ ስደርስ ብዙ እንዲዘግኑ ጣቶቼን በተቻለኝ መጠን ከፈትኩ። ነጠላዋን ደግሞ አንገታቸው ላይ ጠቀለልኩላቸው፤ ስለ አንገትም የተጻፈ ነገር የለም። ሻንጣውን ሰቀልነው። መርፌው ተንቀጠቀጠና ሰባት ላይ ቆመ።

ሲገቡ ዞረው አላዩንም፤ ሻንጣቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ሄዱ። ቱፋና እኔ ተሳፈርኩ ብለው እስኪደውሉ ድረስ ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም። ወደ አዳማ ስንመለስ ከኋላችን የደራ አደራ ተጭኖ፣ መስኮት ከፍተንም እስከ ሞጆ ድረስ እናስነጥስ ነበር።

ከዚያ ቀናት አለፉ። ስለ ሌሊሴ ሳስብ በጣም ይከብደኝ ነበር። እናቷ ደርሰዋል፣ ግን ምን ይዘው? አንድ እፍኝ ዱቄት አንድ ገንፎ አይሞላም። የአራስ ቤት ሊያሟሉ የሄዱ እናት በእጃቸው ያሉት የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ፌስታሎች ብቻ ናቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ከሌላኛው ወገን የሚሰማው ጫጫታ የደራ ገበያ ያህል ነበርና የተሳሳተ ቁጥር መስሎኝ ልዘጋው ነበር።

"ኢንተለ ኮ!" አሉ እትዬ ጫልቱ እየጮሁ። "ሴት ልጅ ተወለደች!"

እልል ልል ፈለግኩ፣ ደንበኛ ስለነበረ አፈርኩ። "እንኳን ማርያም ማረቻት! የሰርግ ቤት ነው እንዴ ያሉት?"

"ምን ሰርግ! አደራቸውን ሊወስዱ መጥተው ነዋ! የአስካለ ልጅ መጣች፣ የዘሃራ ልጅ መጣች፣ የቆሎዋ ልጅ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። በአንድ ከተማ እየኖሩ እኮ አይተዋወቁም! አንዷም እፍኟን ይዛ አልሄደችም። 'ይችማ ለአንድ ወጥም አትበቃም፣ እዚሁ እንሥራት' እያሉ ጓዳ ገቡ። ሁሉንም በርበሬ ደባልቀው አንድ ድስት ሠሩ፤ የማን ጣፈጠ ብለው አሁን እየተጣሉ ነው። የዘሃራ ልጅ ዱቄት ገዝታ መጣች፣ ገንፎውን እሷ ናት የምታገነፋው። ትላንት መጥተው ነበር፣ ዛሬም መጡ፣ ነገም እንመጣለን ብለዋል።"

ጋሽ ደረጀ ከጠረጴዛቸው ማዶ "ምን አሉ?" በሚል ዓይን ያዩኛል። የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩላቸው። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ሳህን ይንኳኳል፣ አንዷ "የእናቴ ነው የቀላው!" ትላለች፣ ሌላዋ "ያንቺ እናት ቀለም ነው የላከችው!" ትላታለች። በዚያ ሁሉ መሃል የሌሊሴን ድምፅ ለየሁት። የበፊቱ ቀጭን ድምፅ አልነበረም፤ የቤት ባለቤት ድምፅ ነበር።

"ኧረ ዝም በሉ! ልጅቷ ተኝታለች፣ ልትቀሰቅሷት ነው!" ትላቸዋለች።

ማንም አልሰማትም።